ለትምህርት ዓላማ ብቻ

«ምን ተማርሽ?» የሚለኝን ሰው አልወደውም። ጠያቂው ምንም አላጠፋም፣ አውቃለሁ። ግን ስመልስለት ፊቱ ላይ ምን እንደሚመጣ ስለማውቅ ገና ሳይስቅ እናደድበታለሁ። «ፍልስፍና፣ ፖለቲካና ኢኮኖሚክስ» እላለሁ። «ሦስቱንም?» ይለኛል። «ሦስቱንም፣ በአንድ ዲግሪ።» ከዚያ ወይ «ታዲያ የት ያስቀጥራል?» ይላል፣ ወይ ያዝንልኛል። አንድ ጊዜ ከለቡ መብራት ኃይል ወደ ፉሪ በታክሲ ስንሄድ አጠገቤ የተቀመጡ ወይዘሮ «ውይ ልጄን! አንዱን በደንብ ብትጨርሺው አይሻልም ነበር?» ብለው ታክሲውን ሙሉ አስቀውብኛል።

ይሁን፣ ሳቁን ለምጄዋለሁ። እርር ድብን የሚያደርገኝ ሌላ ነገር ነው። ከቤታችን ጀርባ አንዲት ቁራሽ የሽምብራ መሬት ነበረች። የጎረቤታችን የሽማግሌው ገበሬ ነበረች። አሁን የእሳቸው አይደለችም። እንዳትሆን ካደረጉት ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ፤ ያደረግኩትም በዚሁ በተማርኩት ትምህርት ነው።

አባቴና እናቴ ከደቡብ መጥተው ፉሪ ሲገቡ ሰፈሩ ገና እርሻ ነበር። ቤታችን ያረፈበትን ቦታ የገዙት ከእኚሁ ሽማግሌ ነው። አባቴ አናጺ ነው፤ አጥሩን ራሱ ሲሠራ ሽማግሌው ችካሉን ይዘውለት ቆሙ ይባላል። እኔ ነፍስ ሳውቅ ሰፈሩ በአንድ በኩል ፎቅ፣ በሌላ በኩል የብሎኬት ማምረቻ፣ በመሐል የእሳቸው ሁለት ላሞች ሆኗል። ወተት የምናመጣው ከእሳቸው ነው። እኔ «አባባ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸው «ኢንታላ ኮ» ይሉኛል፣ በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው። ከዚያ ሁሉ እርሻ የቀረቻቸው ያቺ ቁራሽ ብቻ ነበረች። ክረምቱ ሲወጣ ሽምብራ ይዘሩባታል። እሸቱ ሲደርስ የሰፈር ልጆች ገብተን ስንነቅል በረንዳቸው ላይ ቁጭ ብለው ያዩናል እንጂ አንድ ቀን ተቆጥተውን አያውቁም።

አባባን የሚያሳስባቸው አንድ ነገር ነበር፤ ሴት ልጃቸው። ባሏ ሞቶባት ሁለት ልጆች ይዛ እሳቸው ጋ ተመልሳለች። ወተቱን እየሰፈሩልኝ እንኳ «እኔ ስሞት ይቺ ልጅ ሜዳ ላይ እንዳትወድቅ» ይሉ ነበር። ቁራሿ መሬት በስማቸው ተመዝግባ፣ ከእሳቸው በኋላ ለልጃቸው እንድትሆን ነበር የሚፈልጉት። ሌላ ምኞት ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

ዩኒቨርሲቲ በገባሁ ዓመት መጨረሻ ላይ «አዲስ ፕሮግራም ተከፍቷል» ተባልን። ውጤታችን ደህና የሆነውን ሰበሰቡንና አንድ መምህር ቆሞ «ፈላስፋው ቁጥር አያውቅም፣ ኢኮኖሚስቱ ፍትሕ አያውቅም፣ ፖለቲከኛው ሁለቱንም አያውቅም፤ እናንተ ግን ሦስቱንም ታውቃላችሁ፣ ሰው ትጠቅማላችሁ» አለን። እውነት መሰለኝ። አሁንም ሳስታውሰው ደስ የሚል ንግግር ነበር፤ የሚያናድደኝም ለዚህ ነው።

ቤት ስነግር ጉድ ፈላ። እኛ ጴንጤ ነን፤ የጸሎት ቤታችን አንድ ሽማግሌ ፍልስፍና እምነት ያስጥላል ብለው አባቴን አስጠነቀቁት። እናቴ ደግሞ ፖለቲካ የምትለዋን ቃል ስትሰማ ደረቷን ያዘች። «ልጄን ሊያሳስሩብኝ ነው!» የተረፈችው ኢኮኖሚክስ ብቻ ናት። አባቴ እሑድ ጉባኤ ፊት ቆሞ «ልጄ ኢኮኖሚክስ ደረሳት፣ ጌታ ይመስገን» አለ፤ ሕዝቡም «አሜን!» አለ። የቀሩት ሁለት ቃላት እስክመረቅ ድረስ ከቤታችን ደጃፍ አልወጡም። ብቻችንን ስንሆን ግን አባቴ ያጽናናኝ ነበር። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባላል፤ አንቺማ ሦስት ተክለሻል» ይለኛል። የኔ አባት! ሦስቱም ባላ አንድ ላይ ሰው ላይ እንደሚወድቅ ማን ነግሮት።

ግቢ ውስጥ የሦስት ቤት እንግዳ ነበርን፤ እያንዳንዱ ቤት ሌላኛው አብልቷቸዋል ብሎ ያስባል። ሬጅስትራር ሄደን ስንጠይቅ «የማን ናችሁ?» እንባላለን። የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች «ፈላስፎቹ መጡ» ይሉናል፤ የፍልስፍናዎቹ ደግሞ «ካድሬዎች» ይሉናል። ሁለት ፈተና በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ተመድቦብን ያውቃል። አቤት ስንል «ተነጋገሩና አንዱን ምረጡ» ያለን ኃላፊ አለ። በናታችሁ፣ ፈተና እንደ ጫማ ይመረጣል?

ግን ልዋሽ አልችልም፣ ትምህርቱን ወደድኩት። ጠዋት ከአባባ ላሞች ጋር ተጋፍቼ ወጥቼ፣ ሁለት ታክሲ ቀያይሬ፣ አቧራዬን አራግፌ ክፍል ስገባ ሰው የማይጠይቀኝን ነገር የሚጠይቅ ሰው ይጠብቀኛል። ኢኮኖሚክሱ ብቻ አንዳንዴ ያስቀኝ ነበር። መምህሩ ሰሌዳው ላይ መስመር ከማስመሩ በፊት ሁልጊዜ «ሰው ሁሉ ሙሉ መረጃ አለው ብለን እንነሳ» ይላል። የትኛው ሰው? የእኛ ሰፈር ሰው ውሃ መቼ እንደሚመጣ እንኳ አያውቅም። አንድ ቀን ይህንኑ ብዬ ጠየቅኩት። «ለማስላት እንዲመች ነው» አለኝ፣ እኔም ጻፍኩት።

ሦስተኛ ዓመት ላይ የፍልስፍና መምህራችን «ይህ የእኔ ነው ለማለት ምን ያስፈልጋል?» ብሎ ሰሌዳው ላይ ጻፈ። አንዱ ተማሪ «ካርታ» አለ። ሌላዋ «ላብ» አለች። እኔ እጄን አውጥቼ የአባባን ነገር ተናገርኩ። ካርታ የላቸውም፤ ድንበራቸው አንዲት ወይራና ሦስት ድንጋይ ነው፤ ግን ሰፈሩ ሁሉ የእሳቸው መሆኑን ያውቃል። ታዲያ የእሳቸው ነው ወይስ አይደለም? መምህሩ ጠመኔውን አስቀመጠና «የመመረቂያ ጽሑፍሽን አገኘሽ» አለኝ። ክፍሉ አጨበጨበልኝ። አቤት ደስታዬ! እስከ ቤት ድረስ ታክሲ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ነበር።

የእኛ ጽሑፍ የአንድ መምህር ፊርማ አይበቃውም፤ ከሦስቱም ክፍል አንዳንድ አማካሪ ይመደብልናል። የፍልስፍናው «የሰው ክብር ይቀድማል» አለኝ። ሽማግሌው ፈቅደው መናገራቸውን የሚያሳይ የስምምነት ቅጽ ይፈርሙ፣ አንድ ኮፒም በእጃቸው ይቅር አለ። የፖለቲካው ቅጹን አየና ሳቀብኝ። «መሬት ነው የምትጠይቂው፣ አብደሻል? የድጋፍ ደብዳቤ ያዢ፣ ቅጹም ላይ ማህተም ይረፍበት፤ ብትያዢ እኛ የለንበትም።» የኢኮኖሚክሱ ደግሞ «ተረት አታምጪብኝ» አለ። «ስንት ካሬ ነው? ለክተሽ ነይ።»

እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ሲታዩ ልክ ነበሩ። ተገናኝተው ግን አንድም ቀን አልተነጋገሩም፤ ከአንዱ ቢሮ ወደ አንዱ የምሮጠው እኔ ነበርኩ። ቅጽ፣ ማህተምና ሜትር አንድ ላይ ይዞ በገበሬ ደጃፍ የቆመ ሰው ምን እንደሚመስል ከመካከላችን ያሰበ አልነበረም። እኔስ? የገበሬ ጎረቤት ሆኜ ያደግኩት እኔ እንኳ አላሰብኩም።

አራት ቅዳሜ ሄድኩ። የመጀመሪያው ቅዳሜ በባዶ እጄ ነበር፣ ደብተርና እስክሪብቶ ብቻ። አባባ ብዙም አላወሩኝም። ስለ መሬቷ ስጠይቃቸው «ተይው ልጄ፣ የቆየ ነገር ነው» ይላሉ። እሳቸው ስንት ጊዜ ተጠይቀው ስንት ጊዜ ተታለዋል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባል የለ? የእሳቸው አጥር ብዙ ተነቅንቋል። ስለ ላሞቹ አውርተን፣ እርጎ ጠጥቼ፣ ባዶ ደብተር ይዤ ተመለስኩ። አጥሩን እስካልፍ ድረስ እንባዬ ሊመጣ ነበር።

በሁለተኛው ቅዳሜ ቅጹንና የአባቴን ረጅሙን ሜትር ይዤ ሄድኩ። ገጹን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። «ይህ መረጃ ለትምህርት ዓላማ ብቻ የሚውል ሲሆን ለተሳታፊው ምንም ዓይነት ጥቅም አያስገኝም።» ሁሉም ሰው እንደሚያነበው ነው ያነበብኩት፣ ቶሎ ቶሎ። «እሺ፣ እሺ» አሉ። ዓይናቸው ግን ከታች ነበር፣ ማህተሙ ላይ።

«ይሄ የማን ነው?» አሉኝ።

«የዩኒቨርሲቲው ነው፣ አባባ።»

«ዩኒቨርሲቲውስ የማን ነው? የመንግሥት አይደለም?»

«የመንግሥት ነው።»

«እንግዲያው ጥሩ» አሉና ለፊርማው አውራ ጣታቸውን ዘረጉልኝ።

ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ሆኑ። ገብተው ጋቢያቸውን ቀይረው መጡ። የሜትሩን ጫፍ ራሳቸው ይዘው ከድንጋይ ወደ ድንጋይ መሩኝ፤ ሜትሩ ሲጎብጥ «ወጥሪው፣ ወጥሪው፣ እንዳይጎድልብን» ይሉኛል። ወይራዋ ሥር ቆመው ማን እንደተከላት፣ በምዕራብ ማን እንደሚያዋስናቸው፣ ማን ገፍቶ እንደገባ፣ ማን ምሎ እንደከዳቸው አንድ በአንድ ነገሩኝ። «ጻፍሽው?» ይላሉ። «አንብቢልኝ እስቲ።» አነብላቸዋለሁ፤ ያልተስተካከለውን ያስተካክላሉ። ሦስተኛውም አራተኛውም ቅዳሜ እንዲሁ ነበር። ከአንድ ደብተር ሁለተኛ ደብተር ከፈትኩ።

ጣታቸውን ባስነኩበት ቀን ልጃቸው ኮፒውን ተቀብላኝ በጥንቃቄ አጠፈችው። በፌስታል ጠቅልላ ከመታወቂያቸው ጋር ሳጥን ውስጥ አስቀመጠችው።

አየኋት። እዚህ ላይ ራሴን አልምርም። አየኋት፣ ገባኝም። ለተማሪ ጥናት የተፈረመ ወረቀት ማንም ከመታወቂያው ጋር አያስቀምጥም። «አባባ፣ ይሄ እኮ ለምዝገባ አይሆንም» ማለት ነበረብኝ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። አላልኩም። ለምን? ካልኩ ዝም ይሉብኛላ! እንደዚያ እንደ መጀመሪያው ቅዳሜ «ተይው ልጄ» ይሉኛላ! እንዲህ ያለ ታሪክ ከክፍል ጓደኞቼ ማንም አላገኘም። ለራሴ «አንብቤላቸዋለሁ፣ ፈርመዋል፣ አለቀ» አልኩት። ፍልስፍና የተማርኩት ለካ ለዚህ ኖሯል፤ ራሴን በጨዋ ቋንቋ ለመሸንገል።

የመጨረሻዎቹን ወራት ጽሑፉን ልጨርስ ብዬ ግቢ ውስጥ ዶርም ከረምኩ። በዚያ መሐል ነው ሰፈር ውስጥ መኪና በድምፅ ማጉያ እየዞረ የለፈፈው። ያልተመዘገበ መሬት ያለው አርሶ አደር ሦስት አዋሳኝ ጎረቤቶቹን ምስክር ይዞ በተባለው ቀን ውስጥ ቀርቦ ያስመዝግብ፤ ያልተመዘገበው እንደ ባዶ ቦታ ይቆጠራል። አባቴ በሰማበት ቀን አጥሩን ዞሮ አባባ ጋ ሄደ። ይህን ሁሉ ያወራኝ በኋላ ነው።

«ይነሱ እንሂድ» አላቸው። «በምሥራቅ በኩል አዋሳኝዎ እኔ ነኝ፣ እመሰክርልዎታለሁ። ሌሎቹንም አናግሬያቸዋለሁ።»

«እኔ ተመዝግቤያለሁ» አሉት። «ልጅህ ጽፋኛለች። ለክታ፣ አስፈርማ፣ ማህተም አድርጋ ሰጥታኛለች። እንዲህ ያለች ልጅ ያሳደግክ ተባረክ።»

አባቴ ምን ያድርግ? ወረቀቱን አሳዩት፤ ማህተሙን አየ፤ የልጁን የእጅ ጽሑፍ አየ፤ ደረቱ ተነፋ። አባቴ ማንበብ ያውቃል። ግን ደስ ያለው ሰው ምን ያነባል? እሑድ ጉባኤ ላይ ቆሞ «ልጄ ገና ሳትመረቅ ለጎረቤት ተረፈች» አለ። ለእኔም ደወለልኝ። «ልጄ፣ አባባን እኮ ጠቀምሻቸው! ምርቃታቸውን ብትሰሚ!» ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መሐል ይዤ የግርጌ ማስታወሻ እያስተካከልኩ ነበር። «አሜን አባዬ፣ በኋላ እደውልልሃለሁ» ብዬ ዘጋሁት። በምን ጠቀምኳቸው ብዬ አልጠየቅኩም። ሰው ሲያመሰግነን መች እንጠይቃለን።

ጽሑፌን ባቀረብኩ ቀን ሦስቱ አማካሪዎቼ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀመጡ። እኔ ቆሜ እነሱ እርስ በርሳቸው ተከራከሩ። «ይሄ የጠራ ፍልስፍና ነው» ይላል አንዱ፤ «ሠንጠረዡን እየው እንጂ!» ይላል ሌላው። አባባ በጽሑፉ ውስጥ ስም የላቸውም። ለደህንነታቸው ሲባል «መላሽ ቁጥር አንድ» ይባላሉ፤ ያውም በእንግሊዝኛ፣ እሳቸው በማያውቁት ቋንቋ። «መላሽ ቁጥር አንድ በጣም ጠንካራ ናቸው» አለ የኢኮኖሚክሱ፣ ስለ እርሻ በሬ እንደሚያወራ። «ልኬቱም ንጹሕ ነው።» ኤ ሰጡኝ። ቁራሿ መሬት የአባባ መሆኗን እዚያች ክፍል ውስጥ ተስማምተን፣ ፈርመን፣ ተጨባብጠን ወጣን። በዚያው ሳምንት የሰፈሩ ምዝገባ ተዘጋ።

ተመርቄ ቤት ስገባ አባባ አንድ ጣሳ ለጋ ቅቤ ይዘው መጡ። ግንባሬን ስመው መረቁኝ። ሳምንት ሳይሞላው፣ አንድ ጠዋት ወተት ላመጣ ስወጣ፣ የወይራዋ ግንድ ላይ ቀይ ቀለም አየሁ። ድንጋዮቹም ላይ አለ። አባባ አይተውታል፤ አልደነገጡም። ፌስታላቸውን ይዘው፣ ኮት ደርበው በር ላይ ቆመዋል።

«ነይ አብረን እንሂድ» አሉኝ። «ወረቀቱን አንቺ ታስረጃቸዋለሽ።»

ያኔ ነው ሁሉም ነገር የገባኝ፤ የአባቴ ስልክ ሳይቀር። መንገድ ላይ ልነግራቸው አፌን ስከፍት ስለ ልጃቸው እያወሩ ነበር፤ በመንገዱ በኩል አንዲት ክፍል ሠርተው ወተትና እርጎ የምትሸጥበት ሱቅ ሊያደርጉላት ነው። እንዴት አድርጌ ላቋርጣቸው? ዝም አልኩ። እንደገና ዝም አልኩ!

ቢሮ ገብተን ወረፋ ጠብቀን ደረሰን። ሠራተኛው በእኔ ዕድሜ ነው። አባባ ፌስታሉን ፈተው ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ሰጡት። አነበበው፣ ገልብጦ ጀርባውን አየ፣ እንደገና አነበበው።

«አባት፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የመሬቴ ወረቀት ነዋ! ማህተሙን አታይም?»

«ለትምህርት ዓላማ ብቻ ነው እኮ የሚለው።» ወደ እኔ ዞረ። «እህቴ፣ አንቺ ነሽ የጻፍሽው? ምዝገባው ተዘግቷል። መኪና ዞሯል፣ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ቦታው እኛ ጋ ባዶ ተብሎ ነው የገባው።»

አባባ እኔን አዩኝ። እስኪ ተናገሪ እንጂ የሚል አስተያየት ነበር፤ ገና አልገባቸውም።

ደሜ ፈላ። ራሴ ላይ ታምቆ የነበረው ንዴት መውጫ ሲያገኝ ሠራተኛው ላይ ተደፋ። ምን ያላልኩት አለ? ይዞታ ከሰነድ ይቀድማል አልኩ። ዕድሜ ልካቸውን ያረሱት መሬት ባዶ የሚባለው በየትኛው አመክንዮ ነው አልኩ። ማንበብ ለማይችል ሰው ማስታወቂያ መለጠፍ ፍትሕ ነው ወይ አልኩ። ወረፋ የያዘው ሁሉ ጸጥ ብሎ ያዳምጠኛል፤ አንዱማ «ንገሪው!» አለ። ሠራተኛው አስጨርሶኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ።

«ምንድን ነው የተማርሽው?»

«ፍልስፍና፣ ፖለቲካና ኢኮኖሚክስ።»

«ይሄን ሁሉ ተምረሽ» አለኝ፣ «ይሄ ወረቀት አይረባም ብለሽ ልትነግሪያቸው አቃተሽ?»

ይሄን ሰውዬ እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ። ልክ ስለነበረ ነው የምጠላው።

ከዚያ በኋላ ያልጻፍኩት አቤቱታ፣ ያልቆምኩበት ኮሪደር የለም። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። አባቴና ሁለቱ አዋሳኞች ምስክርነታቸውን ጽፈው ፈረሙ፤ ጊዜው አልፏል ተባለ። ዩኒቨርሲቲ ሄጄ ደብዳቤ እንዲጽፉላቸው ለመንኩ። የፍልስፍናው መምህር ከልቡ አዘነ፤ «ቅጹ ግን ትክክል ነበር እኮ» አለኝ። ትክክል! የፖለቲካው «እኔ አስጠንቅቄሻለሁ» አለ፤ ከምን እንዳስጠነቀቀኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። የኢኮኖሚክሱ ጽሑፉን መጽሔት ላይ እንዳወጣው መከረኝ። ደብዳቤውን ማን ይጻፈው ስል ሁሉም ሌላኛውን ክፍል ጠቆሙኝ፤ «የማን ናችሁ?» ወደሚለው ጥያቄ ተመለስን ማለት ነው።

አባባ ቀይ ቀለሙን እያዩም ሽምብራቸውን ዘርተው ነበር። ቆርቆሮ የሚያጥሩት ሰዎች ሲመጡ ገና እሸት ነው። ወይራዋን ቆረጧት። ልጃቸው ሁለቱን ልጆቿን ይዛ ገብታ የቻለችውን ያህል ነቀለች፤ አባቴም ገብቶ አብሯት ነቀለ፣ እኔም ነቀልኩ። አባባ በረንዳቸው ላይ ቁጭ ብለው አዩን።

በዚያ ሳምንት እሑድ አባቴ ጉባኤ ፊት ቆመ። የምስጋና ቃል ያለው መስሎን ነበር። «ባለፈው የነገርኳችሁ እውነት አልነበረም» አለ። «የጎረቤቴን ወረቀት ሳላነብ ነው ያመሰገንኩት። ልጄም የተማረችው ኢኮኖሚክስ ብቻ አይደለም፣ ፍልስፍናና ፖለቲካም ነው፤ አፍሬ ደብቄያችሁ ነው። ይቅር በሉኝ።» ተቀመጠ። አሜን ያለ ሰው አልነበረም። ከጎኑ ተቀምጬ ፊቴ እሳት ሆነ። እሱ ባላጠፋው ይቅርታ ይጠይቃል፤ እኔ ይሄን ሁሉ ወር ቢሮ ለቢሮ ስጮህ ለአባባ ያልነገርኳቸው አንድ ነገር አለ።

በማግስቱ ጠዋት የወተት እቃችንን ይዤ ሄድኩ። አባባ አልበው ጨርሰው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል፤ ከፊታቸው ያለው አሁን ቆርቆሮ ነው። አልተቀመጥኩም።

«አባባ» አልኩ። «ያን ቀን፣ ጣትዎን ያስነኩ ቀን፣ ወረቀቱ ለምዝገባ እንደማይሆን አውቅ ነበር። እርስዎ እንደሚሆን ማሰብዎንም አውቅ ነበር። ዝም ያልኩት እንዲያወሩኝ ብዬ ነው።»

ቢጮሁብኝ፣ በዱላቸው ቢያባርሩኝ እወድ ነበር። ወደ ቆርቆሮው ዞሩ።

«ያን ጽሑፍ አስረከብሽ?» አሉኝ።

«አዎ።»

«ተቀበሉሽ?»

«ተቀበሉኝ።»

«ምን ሰጡሽ?»

«ኤ ሰጡኝ። ከሁሉም ትልቁ ነው።»

«በዚህች መሬት?»

«በዚህች መሬት፣ አባባ።»

ራሳቸውን ቀስ አድርገው ነቀነቁ።

«እንግዲያው ወረቀቱ ሠርቷል» አሉ።

ከዚያ የወተት እቃዬን ተቀብለው ሰፈሩልኝ፤ እንደ ሁልጊዜው ከላይ ምርቃት ጨመሩበት።